ጁሪ ዱቲ ተጠርቻለሁ፤ ልጆቼን ለማን ልተው?

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ዓምድ ሁልጊዜ አነባለሁ፤ እኔም የምጽፍበት ቀን ይመጣል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

የምኖረው ቨርጂኒያ፣ ስፕሪንግፊልድ ነው። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ትልቁ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል፤ ትንሿ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። ጡት ነው የምትጠባው፤ ጡጦ ስንሰጣት ፊቷን ታዞራለች። ባለቤቴ ገና ሳይነጋ ወጥቶ ከሰዓት በኋላ በፈረንጅ ሰዓት 4:15 አካባቢ ይመለሳል። እኔ ደግሞ 5:30 ላይ መኪና ማቆሚያ ውስጥ የካሸርነት ሥራዬን እጀምራለሁ፤ የምወጣው ማታ 11 ሰዓት ነው። የምንገናኘው በር ላይ ነው ማለት ይቻላል። እሱ ሲገባ እኔ ጫማዬን አድርጌ ልጅቷን አስታቅፈውና «ወጡ ድስቱ ውስጥ ነው፣ ልጁ ቀን አልተኛም» ብዬው እወጣለሁ። የሁለቱን የዴይኬር ዋጋ ጠይቀን ነበር፤ ከእኔ ደሞዝ ይበልጣል። ስለዚህ ቀን እናት፣ ማታ ሠራተኛ ሆኜ ነው የምኖረው።

ባለፈው ሳምንት ከፌርፋክስ ካውንቲ ፍርድ ቤት (ሰርኪዩት ኮርት) ደብዳቤ መጣልኝ። ባለቤቴ ቢል መስሎት ፍሪጅ ላይ ከማስታወቂያ ወረቀቶች ጋር ከምሮት ነበር። ስከፍተው ጁሪ ዱቲ ነው፤ ፍርድ ቤት ከሌሎች ዜጎች ጋር ተቀምጬ ክርክር ሰምቼ እንድፈርድ ነው የተጠራሁት። «አንድ ቀን ወይም አንድ ችሎት» ይላል፤ ቀጠሮው ሦስት ሳምንት ብቻ ቀርቶታል። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ፤ ከወራት በፊት አንድ መጠይቅ ደርሶኝ ልጅቷን እያጠባሁ በስልኬ ሞልቼው ነበር። ስለ ልጆች የሚጠይቅ ነገር ይኑረው አይኑረው እንኳ አላየሁም። ቶሎ ቶሎ ተጭኜ ላክሁት።

ሰው ባማክር ሁሉም የየራሱን አለኝ። ቤተ ክርስቲያን የማውቃት ልጅ «ቀደሽ ጣይው፤ ፈርመሽ አልተቀበልሽ፣ እንደደረሰሽ በምን ያውቃሉ?» አለችኝ። የባለቤቴ የአጎት ልጅ «እንግሊዝኛ አልችልም በይ፤ ካልሆነም ሲቲዘን አይደለሁም በያቸው፣ ወዲያው ይሰርዙሻል» አለኝ። ሌላዋ ደግሞ «ካልሄድሽ ትታሰሪያለሽ፣ ዜግነትሽንም ይነጥቁሻል» ብላ እንቅልፍ ነሳችኝ። አዲስ አበባ ላለችው አክስቴ ደውዬ ባዋያት «ምን ቆርጦሽ በሰው ትፈርጃለሽ? አትፍረዱ ይፈረድባችኋል ይላል እኮ ቃሉ» አለችኝ።

ባለቤቴን «አንድ ቀን ፈቃድ ብትወስድስ?» አልኩት። «አንቺ እዚያ በነጻ ልትቀመጪ እኔ ከሥራ ልቅር?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አላነሳነውም።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልንገርዎት። መሄድ እፈልጋለሁ። አባቴ ደሴ የቀበሌያችን ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበር። ሕግ የተማረ ሰው አልነበረም፤ ልብስ ሰፊ ነበር። ችሎት ያለ ቀን ሸሚዙን ራሱ ተኩሶ ይሄዳል። በአጥርና በብድር የተጣሉ ሰዎችን ሲያዳምጥ ይውልና ማታ ሲመለስ እናቴ «ማን ረታ?» ብትለው አንድም ቀን አይነግራትም። ዓምና ዜግነት ስቀበል፣ እጄን አንስቼ ቃል ስገባ፣ ያሰብኩት እሱን ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ይህ ብቻ አይደለም። ልጅ ሳልይዝ፣ ሒሳብ ሳልቀበል፣ ቁጭ ብዬ ትልልቅ ሰዎች የሚነጋገሩትን ማዳመጥ ናፍቆኛል። ጡት የምትጠባ ልጅ ይዛ እንዲህ የምትመኝ ምን ዓይነት እናት ናት?

ግራ የገባት እናት፣ ከስፕሪንግፊልድ



እህቴ፣

እንቅልፍ በነሳሽ ነገር ልጀምር። ጁሪ ዱቲ የቀረን ሰው ዜግነቱን የሚነጥቅ ሕግ የለም። ቨርጂኒያ ውስጥ ተጠርቶ ያለ በቂ ምክንያት ለቀረ ሰው የተቀመጠው መቀጫ ከ50 እስከ 200 ዶላር ነው። ይህን ስልሽ ታዲያ «ከፍዬ ልገላገላ!» እንዳትዪኝ። እጅሽ ላይ ያለው ወረቀት የፍርድ ቤት ጥሪ ነው፤ መልስ ይፈልጋል። ዝም ብለሽ ብትቀሪ ዳኛ ፊት ቀርበሽ «ለምን ቀረሽ?» ልትባዪ ትችያለሽ፤ ያኔም ቢሆን ልጅቷን የሚይዝልሽ ሰው መፈለግሽ አይቀርም።

አሁን ደግሞ ከመካሪዎችሽ አንዳቸውም ያልነገሩሽን ልንገርሽ። የቨርጂኒያ ሕግ፣ ሲጠይቁ ከጁሪ ነጻ የሚሆኑ ሰዎችን ይዘረዝራል፤ አንቺ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ሁለት ቦታ አለሽ። አንደኛው፣ 16 ዓመት ወይም ከዚያ በታች የሆነ ልጅ በሕግ በእጁ ያለና ፍርድ ቤት በሚሠራበት ሰዓት ልጁን ያለማቋረጥ ራሱ መጠበቅ ያለበት ሰው ነው። ሌላው ጡት የምታጠባ እናት ናት። ማታ ሥራ ስለምትገቢ «እኔ እኮ ሠራተኛ ነኝ፣ አይመለከተኝም» ብለሽ ራስሽን እንዳታስወጪ። ሕጉ የሚያየው የፍርድ ቤቱን ሰዓት ነው፤ በዚያ ሰዓት ሁለቱም ልጆች ያሉት አንቺ እጅ ነው።

ይህ መብት ግን ካልጠየቁት ማንም አምጥቶ አይሰጥም። ያን መጠይቅ በስልክሽ ስትሞዪ ያመለጠሽ ይኸው ሳይሆን አይቀርም። አሁንም አልረፈደም። ጥሪው ላይ የጁሪ ቢሮው ስልክና ድረ ገጽ አለ፤ የጁረር (የተጠሪ) ቁጥርሽም እዚያው ተጽፏል። ቁጥሩን ይዘሽ በዚህ ሳምንት ደውዪ፤ ከዚያ ያልሽውን በጽሑፍ ላኪ። ረጅም ማመልከቻ አያስፈልግም፤ «የኑሮ ውድነት»ም አገር ቤት ያለው ዘመድም እዚያ ውስጥ ቦታ የላቸውም። ዘጠኝ ወር የሆናት፣ ጡት የምትጠባ ልጅ እንዳለችሽ፣ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ የሆነው ወንድሟም ቀን ከአንቺ ጋር እንደሚውል፣ ባለቤትሽ ቀን ስለሚሠራ ሌላ የሚጠብቃቸው እንደሌለ ጻፊ። አራት መስመር ይበቃል። በስልክ ያነጋገረሽ ሠራተኛ «እሺ» ቢልሽም በዚያ ብቻ አትተኚ፤ ኢሜይልም ሆነ ወረቀት፣ የተጻፈ ማረጋገጫ እስኪደርስሽ ጠብቂ። ካልደረሰሽ ቀጠሮው እንዳለ ነው ብለሽ አስቢ።

ስትደውዪ ሁለት ነገር እንዳይቀላቀልብሽ። አንዱ ነጻ መሆን ነው፤ ለዚህ ጥሪ አትመጪም ማለት ነው። ሌላው ቀን ማዛወር ነው፤ እመጣለሁ፣ አሁን ግን አይመቸኝም ማለት ነው። የትኛው ለአንቺ እንደሚሻል በኋላ እመለስበታለሁ፤ ምክንያቱም ጥያቄሽ የወረቀት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤሽ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር።

ከዚያ በፊት ግን ስለ ውሸቱ። የአጎቱ ልጅ ክፉ አስቦ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ብዙ ሰው እንዲህ ይመካከራል። ነገር ግን «እንግሊዝኛ አልችልም» የምትይው ዓምና የዜግነት ቃለ መጠይቁን በእንግሊዝኛ አልፈሽ ነው። «ሲቲዘን አይደለሁም» ብሎ ፈርሞ መላክ ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል። መንግሥት እጅ በሚገባ ወረቀት ላይ፣ ያውም በዜግነት ጉዳይ፣ ውሸት አይጻፍም። ነገ ለእናትሽ ቪዛ ስትጠይቂ ወይም ስትመርጪ «ያኔ ዜጋ አይደለሁም ብለሽ ነበር» ብትባዪ ምን ልትመልሺ ነው? እውነቱ ሙሉ በሙሉ ነጻ የሚያወጣሽ ሆኖ ሳለ ውሸት መበደር ምን ይባላል? (ግሪን ካርድ ብቻ ላላችሁ አንባቢዎች፦ የጁሪ ስም ዝርዝር ከመንጃ ፈቃድ መዝገብም ስለሚወጣ ጥሪው ለእናንተም ሊመጣ ይችላል። እናንተ «ዜጋ አይደለሁም» ብላችሁ መልሱ፤ ለእናንተ እውነቱ እሱ ነው፤ ዜጋ ሳይሆኑ ጁሪ መቀመጥም አይቻልም።)

አሁን ወደ አፈርሽበት ነገር እንሂድ።

መሄድ መፈለግሽ መጥፎ እናት አያደርግሽም። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ልጆችሽን የሰለቸሽ ሴት አላየሁበትም፤ ያየሁት በር ላይ ልጅ ተቀባብላ የምትሮጥ፣ ከባሏ ጋር እንኳ ቁጭ ብላ ለማውራት ጊዜ ያጣች ሴት ነው። ሰው ፊት ተቀምጦ ማዳመጥና ማሰብ አባትሽ ቤት ውስጥ ያየሽው ክብር ነው። ልብስ ሰፊ ነበር አልሽኝ። ያ ሰው ሸሚዙን ራሱ የተኮሰው ለምን ይመስልሻል? ጎረቤቶቹ ጠብቀውት ስለሚውሉ ነው። አንቺንም አሁን አንድ ቦታ በስምሽ ጠርተውሻል፤ ልብሽ ቢነሳ አይገርመኝም።

አንድ ታሪክ ልጨምርልሽ። ፍሎሪዳ ውስጥ ሴቶች ራሳቸው ፈልገው ካልተመዘገቡ በቀር ጁሪ አይጠሩም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1961 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህ ምንም ችግር የለውም ብሎ ፈረደ። ምክንያቱ ምን መሰለሽ? ሴት የቤትና የቤተሰብ ሕይወት ማዕከል ስለሆነች! ያ ዓይነቱ አሠራር የቀረው በ1975 በሉዊዚያና ጉዳይ በተሰጠው ፍርድ ነው። ዛሬ ስለ ልጅ ጠባቂ የሚናገረው የቨርጂኒያ ሕግ «እናት» አይልም፤ «ሰው» ነው የሚለው። ጡት ማጥባት ያንቺ ብቻ ነው፤ እሺ። ልጅ መጠበቅ ግን የአባትም ነው፤ ባለቤትሽም እኮ በየማታው እስክትመለሺ ሁለቱንም ይዞ ያመሻል። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ለራስሽ ጠይቂ፤ ልጆቹን የሚይዝ ሰው ስለሌለ ነው መሄድ የማትችዪው ወይስ የባለቤትሽ የሥራ ቀን ከአንቺ ቀን ስለሚበልጥ? ሁለቱም መልስ ሊሆን ይችላል። የቤት ኪራይ የሚከፍለው የእሱ ደሞዝ ከሆነ፣ በሰዓት የሚከፈለውም ከሆነ፣ አንድ ቀን መቅረት ቀላል አይደለም። ግን የትኛው እንደሆነ ሁለታችሁም ታውቁት።

«አንቺ እዚያ በነጻ ልትቀመጪ እኔ ከሥራ ልቅር?» ያለውን ንቀት አድርገሽ የወሰድሽው ይመስለኛል። እኔ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ሳይነጋ ወጥቶ የሚሠራ፣ ማታ ሁለት ልጅ የሚያስተኛ ሰው መጀመሪያ የሚታየው የሚጎድለው ገንዘብ ነው። ደግሞ መቼ ነው የጠየቅሽው? በር ላይ ከሆነ፣ አንቺ ጫማሽን እያጠለቅሽ እሱ ገና ጃኬቱን ሳያወልቅ ከሆነ፣ መልካም መልስ ከየት ይመጣል? ሁለታችሁም እረፍት ያላችሁ ቀን ካለ፣ ልጆቹ ሲተኙ፣ ቡናም አፍልተሽ ይሁን ሻይ፣ ቁጭ በሉ። በገንዘቡ አትጀምሪ፤ ስለ አባትሽ ንገሪው። ለእኔ የጻፍሽልኝን ያህል ለእሱ ነግረሽው ታውቂያለሽ? «ፈቃድ ውሰድ» ከማለትሽ በፊት «ይህ ነገር ለእኔ ትርጉም አለው» በዪው። ከዚያ ስለ ገንዘቡ በግልጽ ተነጋገሩ፤ ፍርድ ቤቱ ለቀኑ ትንሽ አበል ይከፍላል፤ የደሞዝ ምትክ ይሆናል ብለሽ ግን ተስፋ አታስቆጥሪው።

ስለ ሥራሽም ልታውቂው የሚገባ ነገር አለ። ቨርጂኒያ ውስጥ ጁሪ ተጠርተሽ ስለሄድሽ አሠሪ ሊያባርርሽም ሆነ የሕመም ወይም የዓመት ፈቃድሽን እንድትጠቀሚ ሊያስገድድሽ አይችልም፤ አስቀድመሽ ካሳወቅሽው ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ አንቺን የሚመለከትሽ ደግሞ የሚከተለው ነው፤ የመንገዱን ጊዜ ጨምሮ በቀኑ አራት ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ፍርድ ቤት ከዋልሽ፣ በዚያው ቀን በፈረንጅ ሰዓት ከ5 ሰዓት ጀምሮ ያለውን የማታ ሺፍት ግቢ ብሎ ሊያስገድድሽ አይችልም። ያንቺ ሺፍት 5:30 አይደል? ቀን ጁሪ ውለሽ ማታ ካሸር መቆም የለብሽም። የጥሪውን ወረቀት ፎቶ አንስተሽ ለአለቃሽ ቀደም ብለሽ ላኪለት። ይህ ሕግ ግን ተጠሪዋን አንቺን እንጂ ልጅ ለመያዝ የሚቀረውን ባለቤትሽን አይጠብቅም፤ እሱ ፈቃዱን በወጉ መጠየቅ አለበት።

አክስትሽ ያሉትን አቅልዬ አላየውም። እንዲህ ብለው የሚጨነቁ ብዙ እናቶች አውቃለሁ። እኔ የነፍስ አባት ስላልሆንኩ ሸክሙ ካልለቀቀሽ የነፍስ አባትሽን ጠይቂ። ስትጠይቂ ግን ሥራውን በትክክል አስረጂያቸው። ጁሪ የሰውን ነፍስ አይመዝንም። ወንጀል ሲሆን የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ዓቃቤ ሕጉ ያለውን ከምክንያታዊ ጥርጣሬ በላይ አረጋግጧል ወይስ አላረጋገጠም? ቨርጂኒያ ውስጥ ጥፋተኛ ለማለትም ሆነ ጥፋተኛ አይደለም ለማለት ሁሉም መስማማት አለባቸው፤ በከባድ ወንጀል 12 ሰዎች፣ በቀላል ወንጀል ደግሞ 7። ከሐምሌ 2021 (እ.ኤ.አ.) ወዲህም ተከሳሹ ራሱ ጁሪው ይወስንልኝ ካላለ በቀር ቅጣቱን የሚወስነው ዳኛው ነው። ባላገር ያሉ አያቶቻችንስ? ሁለት የተጣሉ ሰዎች መንገደኛውን አስቁመው «ዳኘን» ሲሉት፣ የመንገድ ዳኛ ሆኖ ጉዳያቸውን ሳይሰማ አያልፍም ነበር። ጾማቸውን የሚጾሙ፣ ቃሉንም የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ተከሶ የቆመ ሰው ታጋሽ ሰሚ ያስፈልገዋል፤ ምናልባት ከእኛው አገር የመጣ ልጅም ሊሆን ይችላል፤ ያኔ እዚያ ወንበር ላይ ስሙን በትክክል የሚጠራ አንድ ሰው ቢኖር ትጠያለሽ?

እንግሊዝኛሽን በተመለከተ ብዙ አልልም። ጠበቆቹና ዳኛው ጁሪ ሲመርጡ ጥያቄ ይጠይቃሉ። ያልገባሽን «አልገባኝም» ማለት ትችያለሽ፤ ፍርድ ቤቱ ልክሽን አይቶ ይወስናል። የአነጋገር ዘዬ ሌላ፣ አለመረዳት ሌላ ነው። በሰው ፊት መናገር የማትፈልጊው ጉዳይ ካለም ሌሎቹ ተጠሪዎች በማይሰሙበት ለዳኛው ለመናገር መጠየቅ ይቻላል። ተጠርተው ከሚመጡት ብዙዎቹ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ ወደ ቤታቸው ይሸኛሉ፤ አንቺም ቀኑን ሙሉ የመጠበቂያ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠሽ ልትመለሺ ትችያለሽ። ይህን የምነግርሽ ትልቅ ነገር ጠብቀሽ ሄደሽ እንዳታዝኚ ነው። እውነት ለመናገር ከልጅ ጩኸት የራቀ አዳራሽ ውስጥ መጽሐፍ ይዞ መዋል ራሱ አይናቅም።

ታዲያ የትኛውን ትምረጪ? ውሳኔው ያንቺ ነው፤ እኔን ካልሽኝ ግን ቀኑን አዛውሪ። ለምን መሰለሽ፣ ጡጦ የማትቀበል የዘጠኝ ወር ልጅ ጠዋት ትተሽ ወጥተሽ፣ ጡትሽ ሞልቶ እየጠዘጠዘሽ፣ በየደቂቃው ስልክሽን እያየሽ ምስክር ልታዳምጪ አትችዪም። ለልጅቷም፣ ለአንቺም፣ ለተከሳሹም አይበጅም። «አንድ ቀን ወይም አንድ ችሎት» የሚለውን ደግሞ ልብ በዪ፤ ከተመረጥሽ ችሎቱ ሦስት ወይም አራት ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ ያን ያህል ቀን ባለቤትሽ ይቀራል ብለሽ አሁን ማቀድ አትችዪም። ሙሉ በሙሉ ነጻ ልሁን ብለሽ ብትጠይቂም መብትሽ ነው፤ ማንም ሰነፍ አይልሽም፤ እኔም አልልሽም። ግን አንዴ «ነጻ» ከተባልሽ በኋላ ነገሩ ተዘግቶ እንዳይቆጭሽ ነው የምፈራው። ልጅቷ ዓመት ካለፋት፣ ምግብ ከለመደች በኋላ ያለ ቀን ስጡኝ በዪ። ያን ያህል ማራዘም ካልፈቀዱ፣ ያኔ ያለ ምንም ሐፍረት ነጻ መሆንን ጠይቂ።

በመካከሉ የምትሠሪው ሥራ አለ፤ ይህን ከጁሪው በላይ አስቢበት። ከአንቺና ከባለቤትሽ ሌላ ልጆችሽን አንድ ቀን ሊይዝ የሚችል ሰው ስም ጥሪልኝ። ደብዳቤሽ ውስጥ አንድም ሰው የለም። ጁሪ ባይመጣ ኖሮስ? አንድ ቀን ብትታመሚ፣ ሐኪም ቤት ብትሄጂ? ስፕሪንግፊልድ ውስጥ ያንቺን ዓይነት ኑሮ የምትኖር ሐበሻ እናት ታጫለሽ ብዬ አላምንም፤ ያቺ «ቀደሽ ጣይው» ያለችሽም ምናልባት ልጆች አሏት። ምክሯ አይሁን እንጂ ጓደኝነቷ ይጠቅማል። በሳምንት አንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት አንቺ የእሷን ልጆች ያዢላት፤ በሌላ ቀን እሷ ያንቺን ትያዝልሽ። ትልቁ ልጅሽ ሰው ይለምዳል። ለትንሿ ደግሞ ጡጦውን አንቺ አትስጫት፤ የጡትሽ ሽታ እያለ ለምን ጡጦ ትቀበላለች? አንቺ ሌላ ክፍል ሆነሽ ባለቤትሽ ይሞክር፤ እንቢ ካለች ዕድሜዋ በትንሽ ኩባያ ለመለማመድም ይበቃል። የሕፃናት ሐኪሟንም በቀጠሮዋ ቀን ጠይቂ።

ሌላ ግዛት ላላችሁ እናቶች በአጭሩ፦ ይህ የነገርኳት የቨርጂኒያ ሕግ ነው፤ የእናንተ ይለያል። ካሊፎርኒያ ውስጥ የምታጠባ እናት እስከ አንድ ዓመት ማዘግየት፣ ሲያልቅም በጽሑፍ ጠይቃ ማሳደስ ትችላለች። ሚኒሶታ ጁሪ ለሚቀመጥ ሰው የልጅ ማስጠበቂያ ወጪ ትተካለች፤ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ጥሪው ከፌዴራል ፍርድ ቤት ከሆነም ሕጉ ሌላ ነው፤ የወረቀቱን አናት እዩ፤ የቀን አበሉ 50 ዶላር ነው፤ የከፋ ችግር ያለበትን ሰው ፍርድ ቤቱ ሊያልፈው ይችላል። ደግሞ «ጁሪ ቀርተሽ የእስር ማዘዣ ወጥቶብሻል፤ ጊፍት ካርድ ገዝተሽ ቁጥሩን ንገሪኝ» ብሎ የሚደውል ሰው ሌባ ነው፤ ፍርድ ቤት በስልክ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ዝጉት።

አንቺ ግን ሰኞ ጠዋት ደውዪ። ሕፃኗ የጠዋት እንቅልፏን ስትተኛ፣ ትልቁ ካርቱኑ ላይ ሲሆን፣ ጥሪውንና እስክሪብቶ ይዘሽ። ያነጋገረሽን ሠራተኛ ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን እዚያው ወረቀት ጥግ ላይ ጻፊ። አዲስ ቀን ከሰጡሽ ያን ዕለት ማታ በር ላይ አትንገሪው፤ ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ፣ ከማስታወቂያዎቹ ለይተሽ ለጥፊውና እሁድ ተነጋገሩበት፤ ባለቤትሽ ፈቃዱን ለመጠየቅ ወራት እንዲኖሩት።